ጭምብል ሲናገር አይቋረጥም

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 5

እኔ ቤት የሚኖረው አዲሱ ተማሪ ዛሬ መጣ። ቫዣ ይባላል፤ የጆርጂያ ሰው ነው፤ በሙያው ነርስ። ወደቡ አጠገብ ካለው ቋንቋ ቤት ቋንቋችንን ተምሮ የማርቹን የቃል ፈተና ካለፈ፣ እዚሁ ሐይቁ ዳር ያለው ማገገሚያ ሆስፒታል ሊቀጥረው ቃል ገብቶለታል። ቁመቱ ጉድ ነው፤ በማዕድ ቤቴ በር ጎንበስ ብሎ ነው የገባው። ሻንጣው ግን የኔን የገበያ ዘንቢል አያክልም።

ካፖርቱን ሳያወልቅ ሁሉን ነገር አስረዳሁት። የትኛው ቁልፍ የየትኛው በር እንደሆነ፣ ወረቀት የትኛው በርሜል የድንች ልጣጭ የትኛው በርሜል እንደሚጣል፣ የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ለምን በጉልበት እንደማይዘጋ፣ ገርሊንደ የምትባለው ጎረቤቴ አጥሯን ወደኔ ግቢ እንዴት እንዳስገባች። «እሺ» አለኝ። «አመሰግናለሁ» አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው። ትንሽ ዝምተኛ ይመስላል፤ ግን ይለምዳል። እኔ ቤት ሆኖ ወሬ ያልለመደ ማን አለ?

እውነቱን ለመናገር፣ ከሱ በፊት እኔ ቤት የኖሩት ሦስቱ ተማሪዎች አልለመዱም። የመጀመሪያዋን ድመቴ አስነጠሰቻት። ሁለተኛው ለትምህርት ቤቱ ቀረብ ልበል አለ፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከዚህ ሲጋራ ለኩሰው ሳይጨርሱ የሚደረስበት ነው። ሦስተኛዋ አገሬ ናፈቀኝ ብላ ተሰናብታኝ ሄደች፤ በማግስቱ ገርሊንደ ቤት መስኮት ላይ ፀጉሯን ስታደርቅ አየኋት።

ልጄ ፎልከር የወጠረኝ በዚህ ነው። «እማዬ፣ በዚያ ትልቅ ቤት ብቻሽን አትቀመጪም። ይሄኛውም ጥሎሽ ከሄደ ቤቱ ይሸጣል፣ አንቺም ሽቱትጋርት እኔ ጋ ትመጫለሽ» ብሎኛል። እስከ ፋሲካ ከቆየልኝ ግን ሁለተኛ ስለ ቤት ሽያጭ ላያነሳ ምሏል። ስለዚህ ቫዣ እስከ ፋሲካ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አይልም። ሐይቁን ሳላይ ከሚነጋብኝ ብሞት ይሻለኛል።

አርብ፣ ጃንዋሪ 9

ቸኩያለሁ። የዚህ ሳምንት የመንገድ ጠረጋ ተራ የኛ ነው፤ ገርሊንደ መስኮት ላይ ተሰይማ ትጠብቃለች።

ቁርስ ላይ ቫዣ «ትናንት እኔ…» ብሎ ጀመረ። ሲጨነቅ አላሳዘነኝም? «ትናንት ሐይቁ ዳር ሄድክ፣ ዳርዳሩ በረዶ ሆኗል፣ ዳክዬዎቹን አየህ፣ ቆንጆ ነው» ብዬ ጨረስኩለት። ራሱን ነቀነቀ። ደስ የሚል ጭውውት ነበር።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 14

ኧረ ይሄ ልጅ አይናገርም! ምስርና የእጅ ፓስታ ሠርቼ አቀረብኩለት፤ እንደ ጎበዝ ይበላል፤ ሳህኑን ራሱ ያጥባል፤ ቃል ግን ከአፉ አይወጣም። እኔ ስለ ጉልበቴ አወራሁት፣ ስለ ሐይቁ ዓሣ ማለቅ አወራሁት፣ የድሮው ቄስ ከመቃብር ቆፋሪው ጋር ስለተጣሉበት ነገር ከሥር ከመሠረቱ አጫወትኩት። እሱ ዓይኑን ያንከባልላል። አንዴ ብቻ ጣቱን ወደ ጠረጴዛው ቀስሮ «ይህች ጠረጴዛ…» አለ። «ይህ! ይህ ጠረጴዛ! በኛ ቋንቋ ጠረጴዛ ወንድ ነው» አልኩት። ቀጥሎ የሚለውን ስጠብቅ ተወው። ጠረጴዛው ምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

እኔ የማርመው ለራሱ ብዬ ነው። ገርሊንደ አታርምም፤ እሷ ጋ የሄደ ሁሉ ተሳስቶ እንደ ልቡ ያወራል። እንዲህ ያለ ፍቅር ምን ያደርጋል?

ከሰዓት በኋላ በአጥር በኩል ብቅ ብላ፣ «ሂልትሩድ፣ ረጅሙ ልጅሽ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ዱዳ ሆነብኝ» አልኳት።

«አንቺ ጋ?» ብላ ከት ከት አለች። «እውነትም ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።»

ስለ ማን ጆሮ እንደምታወራ አልገባኝም። የመስሚያ መሣሪያዋን ማቀዝቀዣ ውስጥ ረስታ ቀኑን ሙሉ የፈለገች እሷ ናት።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 18

ፎልከር ደወለ። «እማዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ፈልጌ ነበር…» ሲል፣ ስለ ቤቱ ሊጀምረኝ ነው ብዬ ቶሎ ቀደምኩት። ቫዣ እንደተመቸው፣ እንደሚበላ፣ ገርሊንደ አጥሯን ቀለም እንደቀባች፣ ያውም አረንጓዴ፣ ሁሉን ነገርኩት። «ካትሪንን አቅርባትና ሰላም ልበላት» ስለው ሚስቱ እየታጠበች ነው አለኝ። ያለፈውም እሑድ እየታጠበች ነበር። ይቺ ሴት ቆዳዋ አለማለቁ!

«ልትነግረኝ የፈለግከው ምን ነበር?» ብዬ ልጠይቀው ሳስብ ስልኩ ተዘግቷል። ምንም አይደለም፤ ቁም ነገር ቢሆን ይናገረው ነበር።

አርብ፣ ጃንዋሪ 23

ደሜ ፈልቷል። የቋንቋ ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ብሬም አስጠራችኝ። ወንበር ሰጠችኝ፣ ሻይ ሰጠችኝ፤ ይሄኔ ነገር እንዳለ ገባኝ።

«ቫዣ በጽሑፍ ከክፍሉ አንደኛ ነው» አለች። «ክፍል ውስጥ ግን አፉን ሊከፍት ሲል ዞር ዞር ብሎ ያያል፤ አንድ ሰው ከኋላው ዘሎ የሚያርመው ይመስል።»

«ምስኪን! ማን አስፈራርቶብኝ ይሆን?» አልኩ።

ወይዘሮ ብሬም ሻይዋን ለረጅም ጊዜ አማሰለች፤ ስኳር እንኳ አልጨመረችም። ከዚያ ከጾሙ በፊት ያለው የጭምብል በዓል ሰሞን አልፎ ጾም ከገባ በኋላ ባለው ሰኞ ራሷ ቤቴ መጥታ ልታናግረው እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ለውጥ ከሌለ ፈተናው ሳይደርስበት ወደ ሌላ ቤት ይዛወራል።

«ወደ ማን ቤት?» አልኳት፤ እያወቅኩት።

«ወይዘሮ ገርሊንደ ክፍል አላቸው» አለችኝ።

አፌን ሞልቶ የመጣውን ሁሉ ዋጥኩት። ማለቴ፣ አብዛኛውን።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 2

ዘዴ ዘይጃለሁ። ጆሮው ቢሞላ አፉ ይፈሳል ብዬ ከእራት በኋላ ሳሎን አስቀምጬ ጋዜጣ አነብለታለሁ፤ የሞቱ ሰዎችን ማስታወቂያ ሳይቀር፤ እያንዳንዱ ሟች የማን ዘመድ እንደሆነ እየተነተንኩ። ሰሞኑን ራስ ምታት ይይዘውና ቶሎ ወደ ክፍሉ ይወጣል። ይሄ የሐይቅ ንፋስ ለባዳ ሰው ከባድ ነው።

ዛሬ ግን ክፍሉ ገብቶ ወደ አገሩ ደወለ። ጉድ በል! በጣሪያው በኩል ሰማሁት። ይናገራል! ድምፁ ከፍ ይላል ዝቅ ይላል፣ ይስቃል፣ ደግሞ ዝም ብሎ ሌላውን ያዳምጣል፣ እንደገና ይፈስሳል። ደረጃው ላይ ቆሜ ሰማሁት፤ አንድ ቃል ሳይገባኝ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ከፋኝ። እዚያ ያለው ሰው እኔ የሌለኝ ምን አለው?

ሲወርድ ጠየቅኩት። «እኔ… ሰርግ ላይ…» አለ።

«ሰርግ? ሚስት አለህ እንዴ?!»

«አይ፣ እኔ ሰርግ ላይ…»

«ታጭተሃል ማለት ነው! ልጅቷ ማን ናት? ለምን አልነገርከኝም?»

ውሃውን ጠጥቶ ወጣ። ያጫትን ልጅ የሚደብቅ ወንድ አልወድም።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 12፣ ጠዋት

የጭምብሉ በዓል ዛሬ ነው፤ ከተማው ሳይነጋ ተነሥቷል። ነጭ የሌሊት ልብስ የለበሱ ልጆች ድስት እየደበደቡ አለፉ። ጭምብል ያጠለቁት እንደ በዓሉ ወግ ከንቲባውን ከቢሮው አስወጥተው ቁልፉን ወስደዋል። ቦምቦሊኖ እየጠበስኩ ነው፤ ዘይቱ ፈላ፤ ሄድኩ።

ቫዣ በጠዋት ወጥቷል። የት እንደሚሄድ አልነገረኝም። መቼም ምን ነግሮኝ ያውቃል።

ያው ሐሙስ፣ ማታ

ሳልጽፈው ብተኛ እፈነዳለሁ።

እኔ ጉልበቴ ጤነኛ ሳለ በዚህ ከተማ የምፈራ ጭምብል ነበርኩ። በዚህ ቀን ማታ ጭምብል ያጠለቀ ሰው መሸታ ቤት ለመሸታ ቤት እየዞረ፣ ድምፁን ለውጦ፣ ለፈለገው ሰው እውነቱን ይነግረዋል። ለዳኛውም ለከንቲባውም «አንተ» ነው የሚባለው። የተነገረው ሰው አይቆጣም፤ ቢቆጣ መሳቂያ ይሆናል። ጭምብል ሲናገር አይቋረጥም፤ ያቋረጠ የቤቱን ሁሉ መጠጥ ይከፍላል። ሁለት ከንቲባና አንድ ጥርስ ሐኪም አስለቅሻለሁ። ዘንድሮ ግን ጉልበቴ አሻፈረኝ ስላለ መልሕቅ ቤት በሚባለው መሸታ ቤት ጥግ ይዤ ወይኔን እጠጣ ነበር።

በሩ ተከፈተና አንድ የሸምበቆ ሽማግሌ ገባ። ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሐይቅ ሸምበቆ የለበሰ፣ ከእንጨት የተጠረበ አንድ ጥርስ ብቻ ያለው ፊት፣ ወገቡ ላይ ቃጭል። ዙሪያውን አየና ቀጥ ብሎ ወደኔ መጣ። ሰው ሁሉ ወንበሩን ወደኛ አዞረ።

«ሂልትሩድ! አንቺ ሂልትሩድ!» አለ በቀጭን ድምፅ። «እኔ ከሐይቅ መጣሁ። ዓሣዎች ላኩኝ። ዓሣዎች ይላሉ፣ እኛ ዝም የምንል ውሃ ውስጥ ስላለን ነው። ሂልትሩድ ቤት ያለው ሰውዬ ደረቅ መሬት ላይ ነው፤ ለምን ዝም ይላል?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ አለመሳቅ አይቻልም።

«ሄጄ አየሁ። አንቺ ቤት ጠረጴዛዋ ጥሩ ናት። ሾርባ ጥሩ ናት፤ እንደዚህ ያለች ሾርባ ሌላ ቤት የለችም። ግን ሰውዬው አፍ ይከፍታል፣ አንቺ ማንኪያ! አፍ ይከፍታል፣ አንቺ እርማት! አፍ ይከፍታል፣ የገርሊንደ አጥር! ሦስት ሰው ሄደ። አንቺ ድመቷ ናት ትያለሽ። ድመቷ ምን አጠፋች? ድመቷ እንኳ ታዳምጣለች።»

አፌን ከፈትኩ። ባለቤቱ ቤርቶልድ ከባንኮኒው «ሂልትሩድ! የሁላችን መጠጥ ባንቺ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ብርጭቆውን አነሣ። አፌን ዘጋሁ። እንዲህ አፌን ዘግቼ የማውቀው ጥርሴ ሲነቀል ነው፤ ያኔም ከፍቼው ነበር።

ከዚያ ጎንበስ አለና ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ቀጠለ። «ሰውዬው አገሩ ላይ ሰርግ ሲኖር ማን ይናገራል፣ ታውቂያለሽ? እሱ። ሰው ብርጭቆ ይዞ ይቆማል፤ እሱ ስለ ሞቱት ይናገራል፣ ስለ እናት ይናገራል፣ ስለ እንግዳ ይናገራል። ሰው ያለቅሳል፣ ይስቃል። ከሩቅ መንደር መጥተው ይወስዱታል። አንቺ ቤት ግን ‹እሺ› ብቻ ነው። ገርሊንደ ቤት መሄድ ቀላል ነው። እሱ አይፈልግም። አንቺ ጋ መሆን ይፈልጋል። አንድ ነገር ጠይቂው። ከዚያ ጠብቂ።»

ቃጭሉን አንቀጨለና ሄደ።

ገርሊንደ ናት! ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? የማዕድ ቤቴን ምስጢር የሚያውቅ ማን አለ? ድምፅዋን ለመደበቅ እንደ ባዳ ሰው መንተባተቧ ደግሞ! ጠረጴዛን ሴት እስከማድረግ! ተንኮሏን ሳላደንቅ አላልፍም። ቁመቷ እንኳ እኔ ትከሻ አይደርስም፤ ከሸምበቆው ሥር እግሯ ላይ እንጨት ሳታስር አልቀረችም።

አርብ፣ ፌብሩዋሪ 13

ጠዋት ጠረጴዛው ላይ የተረፈውን ቦምቦሊኖ እንኳ ሳልቀምስ ገርሊንደ በር ላይ ደረስኩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ትናንት ማታ የት ነበርሽ?»

ሻንጣዋን ገና እየፈታች ነበር። «ኡልም፣ ልጄ ጋ። የልጅ ልጄ ጥርስ አበቀለ። ምነው?»

«መልሕቅ ቤት አልመጣሽም?»

«ኡልም ነበርኩ አልኩሽ እኮ። ምን ሆንሽ? ነገር ደረሰብሽ እንዴ?» ዓይኗ በራ። «ማን ነው የነገረሽ? ረጅም ነው?»

«ረጅም ነው።»

«ይንተባተባል?»

«ይንተባተባል።»

«እኔ ምን አውቄ» ብላ በሩን ዘጋች፤ ከበሩ ኋላ ግን ሳቋ ደረጃውን ሁሉ ሞላው።

ታዲያ ማን ይሆን? ነገሩ አልገባኝም። እንዲገባኝም አልፈልግም። ቤት ስመለስ ከቫዣ ክፍል በታች ያለው ደረጃ ላይ ስብርባሪ ሸምበቆ አየሁ። ነፋስ አስገብቶት ይሆናል። ማንም ሳያየው ጠረግኩት።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 15

ዛሬ ሞከርኩት። ለገርሊንደ ብዬ አይደለም፤ ለዚያ ሸምበቆም ብዬ አይደለም። እስቲ ይሁን ብዬ ነው።

ምሳ ላይ «ስለ አገርህ ሰርግ ንገረኝ» አልኩትና አፌን በድንች ሞላሁ። እሱ ሹካውን ይዞ አየኝ። እኔ አኘክሁ። ድንቹ አለቀ፤ ሌላ ጨመርኩ።

«ወይዘሮ ሂልትሩድ፣ አሞዎታል?» አለኝ።

ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ። ቤቱ ጭር አለ። ዝም አይነቅዝም የሚለው ሰው ብቻውን ኖሮ የማያውቅ ሰው ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ይሄ ቤት ጸጥ ካለ እፈራለሁ፤ የሞትኩ ይመስለኛል። የማወራው እኮ ለዚህ ነው። ይሄን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለራሴም አሁን ነው የነገርኩት።

ተነሥቼ ልሮጥ ስል ጀመረ። መጀመሪያ እየተደናቀፈ፣ ከዚያ እየሮጠ። አጎቱ እንዴት እንዳስተማረው፤ መጀመሪያ የሚነሣው ጽዋ ለሰላም እንደሆነ፤ አንድ ሙሽራ ፈርቶ በመስኮት ሊያመልጥ ሲል እሱ ጣራ ላይ ወጥቶ ተናግሮ እንዳስመለሰው። ሰርግን ሴት አደረጋት። ምላሴን ነከስኩ። እሺ፣ ሴት ትሁን፤ ሰርግ አይደለች? ሙሽራውን ሳይቀር ሴት ሲያደርገው ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ሾርባው ቀዘቀዘ፤ ሁለታችንም አላየነውም። ስቄ ስቄ ዕንባዬ መጣ።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 18

ጾም ገባ። ዓሣ በላን፤ የኛ ጾም ሥጋ እንጂ ዓሣና ቅቤ አይከለክልም። ዛሬ ሁለቴ አመለጠኝ፤ አንዴ አረምኩት፣ አንዴ ደግሞ ስለ አጥሩ ጀመርኩ። ቫዣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ቃጭል የመሰለ ድምፅ አሰማ። እኔም ምንም እንዳልገባኝ ሆኜ ዳቦ ቆረስኩ። አንዳንዱን ነገር ሆድ ይፍጀው።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 23

ወይዘሮ ብሬም መጣች። የሐይቁን ነጭ ዓሣ በቅቤ ጠብሼ፣ የድንች ሰላጣ ሠርቼ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

«ቫዣ፣ ነርስ መሆን ለምን ፈለግህ?» አለችው።

ቀጥ ብሎ ጀመረ። አያቱ ታመው ሳለ ማታ ማታ አጠገባቸው ይቀመጥ ነበር። የሚያስታምም ሰው መጀመሪያ መማር ያለበት መርፌ መውጋት ሳይሆን… አለና ቆመ። ቃሉ ጠፋው። ፊቱ ቀላ። ወይዘሮ ብሬም ወደ እኔ አየች። እሱም አየኝ። ቃሉን አውቀዋለሁ! ምላሴ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይነዝረኛል! አምላኬ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጭንቅ አላየሁም፤ ፎልከርን ስወልድም። ጭኔን ቆነጠጥኩ። ቆየሁ። ድመቷ እንኳ ጆሮዋን አቀናች።

«…የታመመ ሰው ሲናገር፣ አጠገቡ መሆንና አለመቸኮል» አለ ቫዣ።

እኔ ላቀብለው ካሰብኩት ቃል ይበልጣል። ይሄን ያህል ጊዜ ስንቱን የተሻለ ቃል አፉ ላይ ገድዬበት ይሆን? አፈርኩ።

ወይዘሮ ብሬም ናፕኪኗን አጠፈች። «ይሄ ልጅ የትም አይሄድም፤ ፈተናውንም ያልፋል» አለች። በር ላይ ስሸኛት እጄን ይዛ፣ «ምን አድርገውለት ነው፣ ወይዘሮ ሂልትሩድ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ምንም» አልኳት። ዕድሜዬን ሁሉ እንደዛሬ እውነት ተናግሬ አላውቅም።

ቫዣ ሳህን ሲያጥብ እኔ ወደ ፎልከር ደወልኩ። አንጀቴ ቅቤ ጠጥቷል፤ አሸንፌዋለሁ፤ ቤቱ አይሸጥም! አፌን ከፍቼ ልፎክርበት ስል አንድ ነገር ያዘኝና፣ «እንዴት ነህ ልጄ?» አልኩት። ከዚያ ጠበቅኩ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

«እማዬ፣ አለሽ?»

«አለሁ።»

«ታመምሽ እንዴ?»

«ደህና ነኝ። አንተ እንዴት ነህ?»

እስትንፋሱ ይሰማኛል። ገርሊንደም፣ አጥሩም፣ ወይዘሮ ብሬምም፣ ድሌም ጉሮሮዬ ላይ ተሰልፈው ይገፋፋሉ። አላሳለፍኳቸውም።

«ካትሪን ሄዳለች» አለ። «ከኖቬምበር ጀምሮ። ስንት ጊዜ ልነግርሽ ሞከርኩ። ቤቱን እንሽጥ ያልኩሽ… ላንቺ ብዬ ብቻ አልነበረም፣ እማዬ። ማታ ስገባ ቤት ውስጥ ድምፅ የለም። አንቺ ብትኖሪ ብዬ ነው።»

ልጄ። ክረምቱን ሙሉ። እኔ ስለ አጥር ቀለም አወራው ነበር።

«ለፋሲካ ልምጣ?» አለኝ።

«ና» አልኩት። ሌላ ምንም አልጨመርኩም።